የተርሎ ጆሮ

የዶክተር ባግሊ ጋሪ ድልድዩ አፋፍ ላይ የተሰበረው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ስብርባሪው በበሬ ተጎትቶ ከኤልካና ተርሎ የሠረገላ ፋብሪካ ግቢ ደረሰ፤ በሬዎቹ ገና ሳይፈቱ ኦሪን ፒዝሊ ከሥራ ተባረረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር መንኮራኩር ሲሠራ የኖረን ሰው ለማባረር የፈጀው ጊዜ አንድ ፒፓ ትምባሆ ለኩሶ የመጨረስ ያህል እንኳ አልነበረም።

ኤልካና ከስብርባሪው አጠገብ ተንበርክኮ አንዱን ዘንግ በሁለት ጣቱ ያዘና ከመንኮራኩሩ እምብርት መዝዞ አወጣው። ዘንጉ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ሽማግሌው ይህን ሲያይ ዓይኑ ደም ለበሰ።

«ተመልከቱ! ተመልከቱ እንጂ!» አለ። ኤልካና ሲናገር ሁልጊዜም ይጮሃል፤ ያን ቀን ግን ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። «በሁለት ጣት! ካሮት ከአፈር መንቀል እንኳ ከዚህ ይከብዳል! ሰውየው የተቀመጠው በዚህ ላይ ነው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ከቦስተን የመጣው ሐኪም ዛሬ ሊቆርጠው ነው። የኔ ስም በተጻፈበት ጋሪ! የኔ!»

ከሦስቱም ፎቅ የወረዱት አርባ ሠራተኞች ክብ ሠርተው ቆመዋል።

«ኦሪን! ና ወደዚህ!»

የመንኮራኩር ክፍሉ ኃላፊ ኦሪን ፒዝሊ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወደ ፊት ወጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነው። የተነቀለውን ዘንግ አየው፤ ከዚያ ኤልካናን አየው።

«ይህ እንጨት እርጥብ ነው» አለ ኤልካና። «እኔ ቤት ሦስት ዓመት ጣራ ሥር ያልደረቀ እንጨት መንኮራኩር አይሆንም። ይህን የማያውቅ ውሻዬ ብቻ ነው፤ እሱም ሳያውቀው አይቀርም። አንተ ግን አላወቅክም!»

«ሚስተር ተርሎ» አለ ኦሪን፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እያወጣ። «ሌላ የሚሉት ነገር የለም?»

«ምን እንድልህ ትፈልጋለህ? እግዜር ይስጥህ ልበል? ዕቃህን አንሳና ከዓይኔ ጥፋ!»

ኦሪን ወዲያው አልሄደም። አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሽርጡን ፈትቶ አጣጠፈና ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የመሣሪያ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አውጥቶ «ደህና ይዋሉ» ብሎ በጭቃው መሃል ሄደ። አርባው ሰው ጫማ ጫማውን ያይ ነበር።

«እናንተ ደግሞ ምን አፋችሁን ዘግታችሁ ታፈጣላችሁ?» አለ ኤልካና። «ሥራ የለም?»

ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ኤልካና በስልሳ ስምንት ዓመቱ እንዲህ የሚቃጠለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከወንዙ ላይኛው ክፍል ድንጋይ ብቻ በሚያበቅል እርሻ ላይ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛ ሆኖ ተወለደ። በአሥራ አራት ዓመቱ ለአንድ ሠረገላ ሠሪ ለሰባት ዓመት በውል ተሰጠ፤ ጌታው ጨው የበዛበት የደረቀ ዓሣ እያበላው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ያስተኛው ነበር። ሰባቱን ዓመት ሲጨርስ እንደ ወጉ አንድ ሙሉ ልብስና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ተቀብሎ ወጣ። የመጀመሪያውን ሠረገላ የሠራው በአማቱ በረት ውስጥ፣ ላሞቹ እያዩት ነው። የገዛው ሰው ቄስ ነበር፤ ቄሱ ሠላሳ ዓመት ነዳው፣ ለቀብሩ የሄደውም በዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ወንዙ ዳር ባለ ሦስት ፎቅ ፋብሪካ ቆመ። ታች መንኮራኩርና ብረት፣ መሃል አካልና ቆዳ፣ ላይ ቀለምና ቫርኒሽ። ቫርኒሽ ክፍል ውስጥ አቧራ እንዳይነሳ ወለሉ ውሃ ይረጫል፣ ሱፍ የለበሰ አይገባም፣ ሲያስነጥሰው የወጣ ሰው ዳግም አይመለስም። የተርሎ ሠረገላ ማለት ይህ ነበር።

በዚያ ዘመን ከሩቅ ከሲንሲናቲ ከተማ በባቡር እየተጫኑ የሚመጡ ርካሽ ጋሪዎች አገሩን ማጥለቅለቅ ጀምረው ነበር። በማሽን የተጠረቡ፣ ስንጥቃቸው በጭቃ መሰል ማጣበቂያ ተደፍኖ በቀለም የተሸፈኑ። ኤልካና መንገድ ላይ አንዱን ሲያይ ፊቱን አዙሮ ምራቁን ይተፋል፤ ባለቤቱ ሰላም ቢለው እንኳ አይመልስም። «ቀለም ልብስ ነው» ይል ነበር። «ልብሱን አውልቅና ሰውየውን አሳየኝ!»

ለዚህም ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርገውን የሚያደርገው። በሳምንቱ የተሠራው መንኮራኩር ሁሉ ብረቱ ከታሰረለት በኋላ፣ ቀለም ሳይነካው ነጩን እንዳለ ከጣራው ምሰሶ በገመድ ይንጠለጠላል። የግቢው በር ይከፈታል፤ ከከተማው ማየት የፈለገ ሁሉ ይገባል። ኤልካና በእንጨት መዶሻ አንዴ ይመታዋል። አጥብቆ የተጋጠመ መንኮራኩር እንደ ደወል ይዘምራል፤ ውስጡ የላላ ወይም እንጨቱ ያልደረቀ ዱብ ብሎ ይቀራል። ኤልካና አንገቱን ያዘነብልና «ይለፍ!» ወይም «ይሰበር!» ይላል። ይሰበር ከተባለ እዚያው፣ ሰው እያየ፣ በመጥረቢያ ይፈለጣል። ይግባኝ የለም። «የተርሎ ጆሮ» የሚባለው ይኸው ነው። በከተማው ሴቶቹ ሱቅ ገብተው ሐብሐብ በጣታቸው ኳ አድርገው «ይለፍ!» እያሉ ይሳሳቁበት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ስሙ ድልድይ ላይ የተሰባበረበት። ሐሙስ ዕለት ቁጭ ብሎ ለአራት ከተማ ሠረገላ ሠሪዎች አራት ደብዳቤ ጻፈ፤ «ኦሪን ፒዝሊ የሚባለው ሰው መንኮራኩር ሊሠራላችሁ ቢመጣ የሬሳ ሣጥንም አብሮ እንዲሠራላችሁ እዘዙት» የሚል። በደብዳቤው በጣም ተደሰተ፤ ለሚስቱ ሁለት ጊዜ አነበበላት። ዓርብ ዕለት ሱቅ ሄዶ የሰማውም ያልሰማውም እንዲሰማ አድርጎ ተረከው። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ኦሪንና ሚስቱ የተቀመጡበት ረድፍ ላይ ሦስተኛ ሰው አልተቀመጠም። ሰኞ ባለሱቁ የኦሪንን ሚስት ከኋላዋ የመጡትን ሁሉ አስተናግዶ እስኪጨርስ አቆማት፤ ከዚያም ዱቄት አልቋል አላት። ዱቄቱ ከጀርባው ተቆልሎ ይታይ ነበር።

የሚያንገበግበው ይህ ነው። ያ ባለሱቅ ራሱ ኦሪን በሠራው መንኮራኩር አሥራ አምስት ዓመት ተንደላቆ ሄዷል። የከተማው ሙሽሮች ሁሉ የተዳሩት፣ ሬሳዎቹም የተሸኙት በኦሪን እጅ ሥራ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ቆይ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጠየቀች አንዲት ሴት ብትኖር የኤልካና ሚስት ሜሂታብል ናት፤ እሷም የጠየቀችው በራት ሰዓት፣ ለሱ ብቻ ነው።

«ኤልካና፣ የዶክተሩ መንኮራኩር በተመታበት ቅዳሜ ኦሪን የት ነበር?»

ኤልካና ጎንበስ ብሎ ዳቦ እየቆረጠ ነበር። አልመለሰላትም።

«እኔ የምልህ፣ ያን ቀን ኦሪን ነበረ ወይ?»

ኤልካና ቀና ብሎ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየና የአደንጓሬ ማጣፈጫውን የሞላሰስ ማሰሮ አቀበላት። ሜሂታብል ማሰሮውን ተቀብላ ባሏን አተኩራ አየችው። ከዚያ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ ድም አድርጋ አስቀመጠችው።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም» አለች። «ብላ፣ አደንጓሬው ይቀዘቅዛል።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ አዲስ ሠሪ ገና ስላልተቀጠረ የሚመታ መንኮራኩር ሳይኖር አልፎ ነበር፤ ተከታዩ ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው በበረዶ መቅለጫ ጭቃ ቢዋጥም ሰው ከወትሮው ይልቅ ብዙ መጣ፤ የዶክተሩ ወሬ ያመጣው ነው። አዲሱ መንኮራኩር ሠሪ ከኦሪን በኋላ ያጋጠመው የመጀመሪያ መንኮራኩር ተሰቅሏል። ኤልካና ኮቱን አውልቆ መዶሻውን አነሳ፤ መታው። አንገቱን አዘነበለ። ዓይኑ እንደ ልማዱ በስተግራ ወዳለው ምሰሶ ሄደ። ምሰሶው አጠገብ ማንም የለም። ዓይኑ እዚያ ጥቂት ቆየ፤ ሰው የጠፋበት ዓይነት።

«ይለፍ!» አለ።

ሠራተኞቹ ተያዩ። ከበሩ አካባቢ አንድ ሰው አጉረመረመ። የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ሎሬንዞ ኮልቢ፣ ያለፈውን መንኮራኩር አንስቶ ወደ ላይ የሚወስደው እሱ ነው፣ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ሎሬንዞ፣ አውርደህ ውሰደው እንጂ!»

«አልወስደውም» አለ ሎሬንዞ።

«ምን?»

ሎሬንዞ ቀርቦ ፊቱ ላይ ጮኸበት። «አልቀባውም! ባለፈው ቀባሁ፤ ሁለተኛ አልቀባም! ይህ መንኮራኩር ሞቷል፤ እዚህ ያለ ሁሉ ሰምቶታል!»

ኤልካና ቆሽቱ አረረ። በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ በገዛ ግቢው፣ በሰው ፊት፣ ቀለም ቀቢ ስለ መንኮራኩር ሊያስተምረው!

«አንተ ብሩሽህን ያዝ! ይህ ጆሮ መንኮራኩር ሲሰማ አንተ ገና ጡት አልጣልክም! አልሰማም ነው የምትለው? እኔን? እሺ። እንካ መዶሻውን። ያኛው ግድግዳ ላይ ያለው ባለፈው ዓመት የሠራነው ጥሩ መንኮራኩር ነው፤ አምጥታችሁ ከጎኑ ስቀሉት። እኔ ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ። አንተ የፈለግከውን ምታ፤ የትኛው እንደሆነ እነግርሃለሁ። ከዚያ በኋላ ሣጥንህን ይዘህ ኦሪንን ትከተለዋለህ!»

መንኮራኩሩን ሰቀሉት። ኤልካና ጀርባውን ሰጥቶ በወንዙ በኩል ባለው መስኮት ፊት ቆመ። እጁን ወደኋላ አጣምሯል። ወንዙ ላይ በረዶው ተሰነጣጥቆ እየተጋጨ ይወርድ ነበር፤ እሱን እያየ ጠበቀ። አንድ ትልቅ የበረዶ ጠፍጣፋ መጥቶ ከግድቡ ጋር ተላተመ። ጠበቀ። ትዕግሥቱ አለቀ።

«ምታ እንጂ!» አለ ሳይዞር። «ምን ይጠብቃል ይህ ሰው? ፈራህ? ምታ!»

ዞረ።

ሎሬንዞ መዶሻውን ወደታች አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ፊቱ በላብ ርሷል። ሁለቱም መንኮራኩሮች በገመዳቸው ላይ እየተወዛወዙ ናቸው። አርባው ሰው፣ በሩ ላይ ያለውም ሰው፣ አንገቱን ደፍቷል።

«ስንት ጊዜ መታህ?» አለ ኤልካና። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብሎ ነው የተናገረው።

ሎሬንዞ አራት ጣቱን አሳየው።

ከግቢው ሰው አንድ በአንድ እየተሹለከለከ ወጣ። ኤልካና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሎሬንዞም ፊት ለፊቱ ተቀመጠና ከንፈሩን እንዲያይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ነገረው። ጆሮው መስማት ካቆመ ሰባት ዓመት ይሆነዋል አለው። ብረት ቀጥቃጮቹ አጠገብ የዋለ ጆሮ ሁሉ እንዲህ ይሆናል አለው። ኦሪን ቅዳሜ ቅዳሜ በግራ በኩል ምሰሶው አጠገብ የሚቆመው ለዚህ ነው። መንኮራኩሩ ጥሩ ከሆነ ቀኝ እጁን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ይከታል፤ መጥፎ ከሆነ ወደኋላ ይደብቀዋል። ማንም አላዘዘውም። ለኤልካናም አንድ ቀን አንስቶለት አያውቅም።

ኤልካና አላውቅም ነበር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዓይኑ ወደ ምሰሶው የሚሄደው ለምን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ኦሪን በአክብሮት ቆሞ እንደሆነ ለማየት ነው እያለ ራሱን ሲያታልል ኖሯል።

«የዶክተሩ ዕለትስ?»

«ኦሪን እህቱን ሊቀብር ኒውበሪፖርት ሄዶ ነበር። ያንን መንኮራኩር ዓርብ ዕለት አይቶት ምድጃው አጠገብ ለብቻው አቁሞታል፤ ሲመለስ ሊያፈርሰው። ዶክተሩ ቸኩሎ መጣ። እርስዎ ‹ያ ምድጃው ጋ ያለው አለልህ አይደል፣ አምጡት› አሉ። መቱት። ዱብ አለ። ይለፍ አሉ።»

አስታወሰው። ምድጃውን፣ የዶክተሩን ጥድፊያ፣ የራሱን ኩራት፣ ሁሉንም አስታወሰው። ውርደቱ እንደገና ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«እና አርባ ሰው ሆናችሁ ቆማችሁ አያችሁኝ? ያን ሰው እንደ ውሻ ሳባርረው፣ አንድ ወንድ ጠፍቶ ነው? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!»

«እርስዎ ቤት መናገር መቼ ተፈቅዶ ያውቃል?» ሎሬንዞም ተነስቶ ቆመ። «ባለፈው ክረምት ቫርኒሹ ቀጥኗል ያለውን ሰው ምን አደረጉት?»

«አባረርኩት።»

«እንግዲያውስ! እኔ አምስት ልጅ አለኝ። ያን መንኮራኩር እያወቅኩ ጥቁር ቀባሁት፣ በቀይ መስመር አስጌጥኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልተኛሁም። ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። ግን ጮኸው ጮኸው ሲጨርሱ እኔን አይደለም ማየት ያለብዎት።»

ኤልካና ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። የኦሪን ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጥ ነበር። ወጥ ቤት ሲገባ የኦሪን ሚስት ሳህን በገለባ እየጠቀለለች ሣጥን ውስጥ ትከታለች። አየችውና ሥራዋን ቀጠለች፤ ተቀመጥ አላለችውም። ኦሪን ገመድ ይዞ ሌላ ሣጥን ያስር ነበር።

«የት ልትሄዱ ነው?»

«ሲንሲናቲ» አለ ኦሪን። «ሰኞ ጠዋት በሚነሳው ባቡር። እዚህ አካባቢ የሚቀጥረኝ የለም። የጻፉት ደብዳቤ በሁሉም ቦታ ቀድሞኛል።»

ኤልካና ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ እንደገባው ልብ አለ። ኦሪን ሁልጊዜ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከንፈሩን ገልጦ፣ ዝግ ብሎ ነው የሚያናግረው። ሰባት ዓመት ሙሉ። የኦሪን ጠባይ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው።

«ለምን አልተናገርክም?» አለ። ድምፁ ወጥ ቤቱን ሞላው። «ረቡዕ ዕለት ለምን አፍህን አልከፈትክም? ‹እኔ አልነበርኩም› ማለት ያቅታል?»

«ምን ብዬ ልናገር? ‹አለቃዬ ደንቆሮ ነው፣ ያሳለፈው እሱ ነው› ብዬ? በአርባ ሰው ፊት?» ኦሪን ገመዱን ወረወረው። ተቆጥቶ ማንም አይቶት አያውቅም፤ ሚስቱ እንኳ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። «ሌላ የሚሉት ነገር የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩዎት። ቆሜ ጠበቅኩዎት! ራስዎ ይናገራሉ ብዬ!»

«አላወቅኩም ነበር።»

«ዓይንዎ ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ሲፈልግ የነበረው ዓይን የማን ነው? ሰባት ዓመት ጆሮ ሆንኩዎት፤ እርስዎ ለአንዲት ደቂቃ አፍ አልሆኑኝም። በምትኩ ሚስቴ ዱቄት ተከለከለች።»

ኤልካና ቆብ ያልደፋ ራሱን በእጁ ዳሰሰ። «ተመለስ» አለ። «የፋብሪካው ሁለተኛ ሰው አደርግሃለሁ። ደሞዝህን...»

«ስለ ደሞዝ ያነሳ የለም!»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«ስሜን ይመልሱልኝ። ሌላ ከእርስዎ የምፈልገው የለም። ብሄድም ብቀርም ስሜን ይዤ ነው። እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ለኔና ለሚስቴ ቢናገሩት ምን ይፈይዳል? እኛ እናውቀዋለን! ዶክተሩ ጋ ሄደው ይናገሩ። ከተማው ይስማ። ከዚያ አራት ደብዳቤ ጽፈዋል፤ አራት ይጻፉ።»

የዶክተር ባግሊ ቤት ዋናው መንገድ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስለነበር መንገዱ በገበሬ ጋሪና ለሳምንቱ አስቤዛ በወጣ ሰው ተጨናንቋል። ዶክተሩ መንገዱን ማየት ይችል ዘንድ አልጋው ወደ ፊተኛው ክፍል ወርዶለታል፤ ሚስቱ ከራስጌው ቆማለች። ብርድ ልብሱ ከግራ ጉልበቱ በታች ጠፍጣፋ ነበር። ኤልካና ያንን ጠፍጣፋ ቦታ አየና ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሊያሸሽ ፈለገ፤ አላሸሸም።

«ጆን» አለ፤ ልጆች ሆነው አብረው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። «መንኮራኩሩን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ኦሪን ሊያፈርሰው ለይቶ ያስቀመጠውን አስመጥቼ ይለፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም። ሰባት ዓመት ሆኖታል።»

ዶክተሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ ኤልካና አየ፤ እየተናገረ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱን ነቅንቆ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ይል ነበር። በዚያ ዘዴ ስንት ሰው አታሏል!

«አልሰማሁህም» አለ። ይህን ቃል ለማንም ተናግሮት አያውቅም። «ወደኔ ዞረህ ድገምልኝ።»

ዶክተሩ በክርኑ ተደግፎ ዞረ። ፊቱ በሥቃይና በንዴት ገርጥቶ ነበር።

«ሰምቼዋለሁ ነው ያልኩህ! እዚያ ነበርኩ እኮ! አጠገብህ ቆሜ ሰምቼዋለሁ! እንደበሰበሰ ግንድ ዱብ ሲል! አርባ ዓመት የሰው ደረት ሳዳምጥ የኖርኩ ሰውዬ፣ የራሴን ጆሮ ትቼ ‹ተርሎ ይለፍ ካለ ይለፍ› ብዬ ተቀመጥኩበት! አንተ አልሰማህም፤ እኔስ? ያ ሁሉ ግቢ ሙሉ ሰውስ? ሁላችን ሰምተን ዝም ብለን፣ ቅጣቱን እዚያ ላልነበረ ሰው ሰጠነው!» ትንፋሽ አጠረውና ትራሱ ላይ ወደቀ። በእጁ ወደ መስኮቱ አመለከተ። «እኔን ምን ትለማመጠኛለህ? እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ። የሚሰደበው እዚያ ውጭ ያለው ነው።»

ኤልካና በመስታወቱ ወደ መንገዱ አየ። ኦሪን ተከትሎት መጥቶ ከማዶ፣ ፈረስ ማሰሪያው እንጨት አጠገብ፣ ቆቡን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ባለሱቁ ከበሩ ላይ ሆኖ እያየው ለጎረቤቱ አንድ ነገር ይነግራል፤ ጎረቤትየው ይስቃል። ሰዎች ኦሪን አጠገብ ሲደርሱ ዞር ብለው ያልፋሉ።

መስኮቱን ወደ ላይ ገፍቶ ከፈተው። ቀዝቃዛ አየር ገባ።

«ስሙ!» አለ። ኤልካና የራሱን ድምፅ መለካት ካቆመ ቆይቷል፤ የወጣው ድምፅ ፈረሶቹን አስበረገጋቸው። መንገዱ ቆመ። «ዶክተር ባግሊን የጣለውን መንኮራኩር ያሳለፍኩት እኔ ኤልካና ተርሎ ነኝ! ኦሪን ፒዝሊ መጥፎ ነው ብሎ ለይቶት ነበር! እኔ ደንቆሮ ነኝ! ሰባት ዓመት እየዋሸኋችሁ ነው! ሰባት ዓመት የተርሎ ጆሮ የምትሉት የኦሪን ጆሮ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሌባ አባረርኩት!»

ባለሱቁ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንዲት ገበሬ ልጓሙን እንደያዘች እግዚኦ አለች። ሁሉም ከኤልካና ወደ ኦሪን፣ ከኦሪን ወደ ኤልካና ያያል።

ኦሪን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ግን የቆቡ ጥላ ፊቱን ሸፍኖታል፣ መንገዱም ሰፊ ነው። ኤልካና ዓይኑን አጥብቦ አየ፤ ምንም አልያዘም። ወደኋላው ወደ ዶክተሩ ሚስት ዞረ።

«ምን አለ? ንገሪኝ፣ ምን አለ?»

ሴትየዋ እምባዋን በሽርጧ ጠርጋ ቀረበችው።

«‹ይድገሙት› ነው የሚለው።»

ኤልካና የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጁ ይዞ ከመጀመሪያው ጀመረ።